ሰማይን አይቶ መናገር፤ ስለ መስከረም ግጥሞች የተጻፈ ሐተታ

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ምልክት የለመኑትን ፈሪሳውያንና ሰዱቃውያንን በገሠጸ ጊዜ ተግሣጹን የጀመረው ከሰማይ መልክ ነው። ማታ ሰማዩ ሲቀላ ነገ ብራ ይሆናል እንደሚሉ፥ ጠዋት ሲቀላና ሲጠቁር ደግሞ ክፉ ቀን እንደሚጠብቁ ነገራቸው። ከዚህም በኋላ የሰማዩን ፊት መለየት እያወቁ የዘመኑን ምልክት መለየት ስለ ምን እንደ ተሳናቸው ጠየቃቸው። ነገሩ በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 16 ተጽፏል። ተግሣጹ የወረደባቸው ዘመንን ባለማወቃቸው ነው፤ ሰማይን በማወቃቸው ግን አልተነቀፉም። ፈሪሳውያን ቢያንስ ቀና ብለው ያዩ ነበር። በዛሬው ጊዜ ግን ሰማዩን ቀና ብሎ ሳያይ ስለ ሰማዩም ስለ ዘመኑም የሚጽፍ ገጣሚ በዝቷል። የዚህ ሐተታ ምክንያትም ይኸው ነው።

በየዓመቱ ዘመን ሲለወጥ በጋዜጣና በመጽሔት የሚታተሙት፥ በራዲዮና በቴሌቪዥን የሚነበቡት፥ በየስብሰባው የሚደመጡት የመስከረም ግጥሞች ብዙ ናቸው። ጸሐፊዎቻቸው ቢለያዩም የአብዛኞቹ አሠራር አንድ ነው። በመጀመሪያ ክረምቱ አለፈ ይባላል። ቀጥሎ ደመናው ተገፎ ፀሐይ ትወጣለች። ከዚያ ዐደይ አበባ ሜዳውን ያለብሰዋል፤ ወንዙ ይጠራል፤ ወፉ ይዘምራል። ጊዜውም ጸደይ ተብሎ ይሰየማል። በመጨረሻ የሀገሪቱ መከራ ከክረምቱ ጋራ አብሮ እንዳለፈ፥ ሰላምና ፍቅርም ከአበባው ጋራ አብሮ እንደ ፈነዳ ይነገርና ግጥሙ ይፈጸማል። ቤቱ ይመታል፤ ቃሉ ይጣፍጣል፤ አንባቢም መልካም ምኞት ነው ብሎ ያልፈዋል። ዳሩ ግን ይህን ግጥም የሰበታ፥ የቡራዩ ወይም የሱሉልታ ሰው በደጃፉ ቆሞ ቢያነበው የሚያየው ሌላ፥ የሚያነበው ሌላ ይሆንበታል።

በቅኔ ቤት ሥርዓት ሰም የሚባለው በላይ የሚታየው ነገር ነው፤ ወርቅ የሚባለውም በሰሙ ውስጥ የተሰወረው ምሥጢር ነው። ስያሜው ከአንጥረኛ ሥራ የተወሰደ ነው። አንጥረኛ ሊሠራው ያሰበውን ጌጥ አስቀድሞ በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙንም በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ባሞቀው ጊዜ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በቦታው የቀለጠው ወርቅ ይፈስበታል። እንግዲህ ሰሙ ጠማማ የሆነ እንደ ሆነ ወርቁም ጠማማ ሆኖ ይወጣል። ዋሸራ፥ ጎንጅና ዋድላ በመንገድ ቢለያዩም በዚህ ነገር አይለያዩም። ንብን ሰም አድርጎ የሚቀኝ ተማሪ የንብን ጠባይ ያላወቀ እንደ ሆነ መምህሩ ምሥጢሩን ሳይጠይቀው ገና በሰሙ ይመልሰዋል። ሁለት ቤት ብቻ ባላት በጉባኤ ቃና እንኳ ይህ ሕግ አይፈርስም። ስለዚህ የመስከረም ግጥሞች ሊመረመሩ የሚገባቸው በወርቃቸው ሳይሆን አስቀድሞ በሰማቸው ነው። ሰማቸው ሰማይና ምድር ነውና፥ ሰማይና ምድር ይመስክሩ።

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ የሚሄድ ሰው ሱሉልታን ያገኛል። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ይበልጣልና ብርዱ ጽኑ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ውኃ በሜዳው ላይ ይተኛል፤ ጕብታ ጕብታው ብቻ ደሴት መስሎ ይቀራል፤ ላሙና ፈረሱ በረግረጉ ውስጥ ቆሞ ይግጣል። ወተት ወደ ከተማ የሚያደርሱት ሰዎች ገና ጎሕ ሳይቀድ በጭጋግ ውስጥ ይነሣሉ። ውኃው ከሸሸ በኋላ ሣሩ ይታጨዳል፤ ይደርቃል፤ ይከመራል፤ ድርቆሹም በመኪና ተጭኖ ወደ ገበያ ይወርዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ያደረበት ሣር ጠዋት ነጭ ሆኖ ይታያል። በዚያ ከፍታና በዚያ ብርድ ሯጮች ትንፋሻቸውን ሊያጸኑ በማለዳ ይሮጣሉ፤ የልደት በዓል ሲቃረብም ጎረምሶች ዱላና ሩር ይዘው ገና ይጫወታሉ።

በስተ ምዕራብ በአምቦ መንገድ ቡራዩ አለች። ከእርሷ አለፍ ብሎ ገፈርሳ ይገኛል፤ የግድቡም ውኃ አዲስ አበባን ከሚያጠጡት አንዱ ነው። የዚያ አገር ሰው የክረምቱን መብዛትና ማነስ ከግድቡ ዳር ቆሞ ይለካዋል። ጠዋት ወደ ሥራ የሚሄደው ሕዝብ በጭቃው መካከል ተሰልፎ ታክሲ ይጠብቃል፤ በእሑድ ከሰዓት በኋላ ወጣቱ ኳስ ይጫወታል፤ ዝናም ከመጣም በየሻይ ቤቱ ተጠግቶ የእንግሊዝ አገር ኳስ በቴሌቪዥን ይመለከታል። በስተ ደቡብ ምዕራብ ደግሞ በጅማ መንገድ ከወጨጫ ተራራ ሥር ሰበታ ትገኛለች። በአጠገቧ ያለውን የመናገሻን የጽድ ደን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንዳስተከሉት በትውፊት ይነገራል። በሰበታ ፋብሪካው ብዙ ነው፤ የደናግል ገዳምም አለ፤ ለዐይነ ሥውራን የተሠራውም ትምህርት ቤት ከጥንቶቹ አንዱ ነው። ዐይነ ሥውር ተማሪ ዝናሙ ካፊያ ይሁን ዶፍ፥ ከወጨጫ ወገን ይምጣ ከሜዳው፥ በቆርቆሮው ድምፅ ለይቶ ያውቃል። ዐይን ያለው ገጣሚ ከዚህ ተማሪ ቢማር አያፍርም።

አሁን ወደ ቀመሩ እንመለስ ቢባል ቤተ ክርስቲያን ዓመቱን በአራት ትከፍለዋለች። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው፥ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ሐጋይ፥ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ፥ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት ይባላል። ክረምቱም ራሱ በውስጡ ይከፈላል። በዘርዕና በደመና ይጀምራል፤ ወደ መብረቅና ነጎድጓድ፥ ወደ ባሕርና አፍላግ ያልፋል፤ ቀጥሎ ዕጓለ ቋዓትና ደሰያት፥ ማለት የቍራ ጫጩቶችና ደሴቶች የሚታሰቡበት ጊዜ ይመጣል፤ በነሐሴ ፍጻሜ ጎሐ፥ ነግህ፥ ብርሃን ይባላል። መስከረም ከገባም በኋላ ዘመነ ዮሐንስ፥ ዘመነ ፍሬና ዘመነ መስቀል ሦስቱም በክረምት ውስጥ ናቸው። የሱሉልታን ሜዳ በነሐሴ ያየ ሰው ደሰያት የሚለው ስም በከንቱ እንዳልተሰጠ ያስተውላል።

በእነዚህ ከተሞች የሚኖረው የኦሮሞ ሕዝብም ዓመቱን በአራት ይከፍለዋል፤ ጋና፥ ብራ፥ ቦና፥ አርፋሳ ይለዋል። ጋና ክረምቱ ነው፤ ብራ ከዝናም በኋላ ሰማዩ የሚጠራበት ነው፤ ቦና ደረቁ ወራት ነው፤ አርፋሳ ከክረምት በፊት የዘር ዝግጅት የሚደረግበት ነው። ሁለቱ ቀመሮች በየቀኑ ባይገጥሙም በሐሳብ ይገጥማሉ። ጋና ከክረምት፥ ብራ ከመፀው፥ ቦና ከሐጋይ፥ አርፋሳ ከጸደይ ጋራ ጎን ለጎን ቢቀመጡ የአንድ ሰማይ ሁለት ትርጓሜ ሆነው ይገኛሉ። አማርኛም ቢሆን ዝናም አባርቶ ሰማዩ ሲጠራ ብራ ሆነ ይላል። የአየር ጠባይ መርማሪዎች ደግሞ በጋ፥ በልግና ክረምት ብለው በሦስት ይከፍሉታል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ሁሉ ክረምት ይሉታል። እንግዲህ ካህኑ፥ ገበሬውና መርማሪው መስከረም በአብዛኛው የክረምት ወር መሆኑን በአንድ ቃል ይመሰክራሉ። ጸደይ ነው ብሎ የሚከራከር ገጣሚው ብቻ ነው።

ይህ ስሕተት ከየት መጣ ቢባል መንገዱ አይሰወርም። የአውሮፓን መጻሕፍት የተረጐሙ ሰዎች በእነዚያ አገሮች ከብርድ በኋላ የሚመጣውን የአበባ ወራት ጸደይ አሉት። በቀን ቢቈጠር ትርጓሜው ልክ ነው፤ የእነርሱ የአበባ ወራትና የቤተ ክርስቲያን ጸደይ በአንድ ሰሞን ይውላሉና። ኋላ ግን አንባቢው ቀኑን ትቶ አበባውን ያዘ። በእነርሱ ጸደይ አበባ ካለ፥ በኢትዮጵያም አበባ ያለበት ወር ጸደይ ነው ብሎ ስሙን ከመጋቢት አንሥቶ ወደ መስከረም አመጣው። መፀው የሚለው የቀደመ ስም ከብዙ ሰው አፍ ጠፋ። እውነተኛውም ጸደይ፥ የበልግ ዝናም የሚጠበቅበትና ገበሬው ሰማይ ሰማይ የሚያይበት ያ የጭንቅ ወራት፥ ስም የለሽ ሆኖ ቀረ። አንድ ስም ከቦታው ሲነሣ ሁለት ወራት ተጎዱ።

የሰው ስም ለገዛ ሰማይ እንደማይበቃ ተረድተው የተመለሱ ሕዝቦች በዓለም አሉ። ከእነርሱ አንዱ በሩቅ አገር በአውስትራልያ ይገኛል። አውስትራልያ ለሦስቱ ከተሞች ከቶ እንግዳ አገር አይደለችም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ እንጦጦን ያለበሰው፥ ዛሬም በሱሉልታ፥ በቡራዩና በሰበታ ለምድጃና ለግድግዳ፥ ለጣሪያና ለአጥር የሚሆነው ባሕር ዛፍ ትውልዱ ከዚያ ነው። ነጩ ባሕር ዛፍ ከደቡቡ ብርዳም ምድር የመጣ ሲሆን ቀዩ ባሕር ዛፍ እስከ ሰሜኑ ሞቃት ምድር ድረስ ይበቅላል። በዚያ በሰሜን ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ 12 ዲግሪ ላይ ዳርዊን የተባለች ከተማ አለች። ሱሉልታ ደግሞ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ዝናም የፀሐይን ጉዞ እየተከተለ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይመላለሳልና፥ የሱሉልታ ሜዳ በታኅሣሥና በጥር ሲደርቅ ዳርዊን በዝናም ትታጠባለች፤ የሱሉልታ ሜዳ በሐምሌ ሲጥለቀለቅ ዳርዊን ብራ ትሆናለች። ሄኖክ የፀሐይን መውጫና መግቢያ መስኮቶች በተናገረበት መጽሐፍ የተማረ ሰው ይህን ሥርዓት ለመረዳት አይቸገርም።

እንግሊዞች ወደ አውስትራልያ በሄዱ ጊዜ የአራቱን ወራት ስም ከአገራቸው ይዘው ሄዱ። በደቡቡ ምድር ስሞቹን ገልብጠው ሠሩባቸው። በሰሜኑ ግን አራቱ ስሞች ምንም አልገጠሙም። በረዶ የለም፤ ቅጠል በአንድ ጊዜ አይረግፍም። ስለዚህ የዚያ ምድር ነዋሪዎች በዕለት ንግግራቸው የተውሶውን ስም ትተው እርጥቡ ወራት፥ ደረቁ ወራት ማለት ጀመሩ፤ በሁለቱ መካከል ሙቀቱ የሚበረታበትንና ደመናው ሳይዘንብ የሚከማችበትንም ጊዜ ለብቻው ሰየሙት። ከእነርሱ በፊት በዚያ የኖሩት የካካዱ ባለ ርስቶች ደግሞ ዓመቱን በስድስት ይከፍሉታል። ከስድስቱ አንዱ ረጅሙን ሣር አጋድሞ የሚጥለው ማዕበል የሚመጣበት ነው፤ ሌላው ጭጋግ የሚወርድበት ነው። ይህ አከፋፈል ከመብረቅና ነጎድጓድ፥ ከዕጓለ ቋዓትና ደሰያት ጋራ ቢነጻጸር የሁለቱ ሕዝቦች አባቶች ሳይተዋወቁ በአንድ ልማድ እንደ ሠሩ ያስረዳል። ሁለቱም ያዩትን ሰየሙ።

በልደት በዓል ሙቀትና ዝናም ወዳለበት ወደ ዳርዊን በረዶ የተሣለበት የደስታ መግለጫ ካርድ ይላክ ነበር፤ በአዲስ አበባም መደብሮች በጥጥ በረዶ ያስመስላሉ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1974 ዓ.ም. በታኅሣሥ 25፥ ማለት በኢትዮጵያ በታኅሣሥ 16 ቀን 1967 ዓ.ም.፥ በልደታቸው ሌሊት ትሬሲ የተባለ ዐውሎ ነፋስ ዳርዊንን መታ፤ አብዛኛውን ቤት አፈረሰ፤ ከ60 የሚበልጡ ሰዎችም ሞቱ። እውነተኛው ሰማይ በካርዱ ላይ ከተሣለው ሰማይ የተለየ መሆኑን በዚያች ሌሊት ያየ ሰው ሁለተኛ አይረሳውም።

ሌላም ልዩነት አለ። በአውስትራልያ በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት በ1924 በአውሮፓ አቈጣጠር በሕግ ግዴታ ሆኗል፤ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል። የዳርዊን ሰው በጨዋታ ቦታውና በመጠጥ ቤቱ ስለ መንግሥቱ ያለውን አሳብ በስሙ ጠርቶ ይናገራል። ለእርሱ ዝናም ዝናም ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ግን ዝናም ዝናም ብቻ ሆኖ አያውቅም። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚለው የአባቶች ምሳሌ ሁለቱን በአንድ ቀንበር ጠምዷቸዋል። ሰማይን ማረስ ካልተቻለ፥ ንጉሥንም መክሰስ ካልተቻለ፥ በሰማይ አመካኝቶ ንጉሥን ማማት ግን ይቻላል። ሕዝቡም እንዲሁ ሲያደርግ ኖረ።

ዛሬም በቡራዩ የታክሲ ሰልፍ ላይ አንዱ ሽቅብ አይቶ «ጋሼ፥ ዛሬም ሊጥል ነው» ቢል፥ ሌላው «ማንን?» ብሎ ይመልስለታል፤ የተሰለፈውም ሕዝብ ይስቃል። መጣል የዝናም ሥራ ነው፤ መጣል የሹመትም ነገር ነው። በቡና ላይ የተሰበሰቡ የሰፈር ሴቶች «ዘንድሮስ ደመናው ከበደ፥ እማማ» ሲባባሉ ስለ ልብስ ማድረቂያ ብቻ የሚነጋገሩ የሚመስለው እንግዳ ነው። በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ከተሰማ ጀምሮ፥ ተቃውሞ ተነሥቶ ዕቅዱ በ2008 ዓ.ም. በጥር እስኪቀር ድረስ፥ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሦስቱ ከተሞች ከጎረቤቶቻቸው ጋራ ሸገር ከተማ በተባለ አስተዳደር ሥር እስኪጠቃለሉ ድረስ፥ የእነዚህ ቦታዎች ሰው ስለ መሬቱና ስለ ቤቱ የሚያስጨንቅ ነገር አላጣም። በግልጥ መናገር ሲያስፈራ ውስጠ ወይራ ይነገራል። በገና ጨዋታ ግን ልማዱ ሌላ ነው፤ በዚያን ቀን ሎሌ ጌታውን በግጥም ቢነካው ጌታው እንዳይቆጣ የቆየ ሥርዓት አለ። ጨዋታውም የሚውለው በሐጋይ መግቢያ ነው፤ ሜዳው ሲደርቅ አፍም ይፈታል። ይህን ሥርዓት የሠራ ሕዝብ ወራቱን አሳምሮ ያውቅ ነበር።

ስለዚህ በኢትዮጵያ ሰማይን የሚያሳስት ገጣሚ ሰማይን ብቻ አያሳስትም፤ የሕዝቡን የንግግር መዝገብ ያበላሻል። ክረምቱ አለፈ የሚለው ቃል በሕዝቡ ጆሮ የፖለቲካ ቃል ነው። ይህንንም መንግሥታት ያውቃሉ። ብርሃን፥ ፀሐይ፥ አዲስ ዘመን የሚሉት ቃላት በየተራ የመጣው ሥርዓት ሁሉ የተጠቀመባቸው ናቸው። በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወረዱ፤ ከዚያ ወዲህ በደርግ ዘመን ያ ቀን በየዓመቱ የአብዮት በዓል ሆኖ ሲከበር ጨለማው እንደ ተገፈፈ ሲነገር ኖረ። ቀጥሎ የመጣውን መከራ ግን ሁሉ ያውቀዋል። በመስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ሕዝቡ ጋና አልፎ ብራ በመግባቱ አምላኩን ሊያመሰግን በቢሾፍቱ በእሬቻ በዓል በተሰበሰበበት ብዙ ነፍስ ጠፋ። በመስከረም 2011 ዓ.ም.፥ ዘመን በተለወጠ በመጀመሪያው ሳምንት፥ በቡራዩ የንጹሓን ደም ፈሰሰ፤ ብዙ ቤተ ሰብም ከቤቱ ተፈናቅሎ ወደ አዲስ አበባ ተሰደደ። በእነዚያ ዓመታትም የመስከረም ግጥሞች ታትመው ነበር። ክረምቱ አልፏል፥ ፍቅር ፈንድቷል የሚለውን ቤት የሞተበት ሰው ሲያነበው ምን ይላል? ሰሙ ሐሰት ነበርና ወርቁ በእጁ ላይ ነሐስ ሆኖ ይገኛል። እዚህ ላይ ነው የሰም ስሕተት የትምህርት ቤት ስሕተት ብቻ መሆኑ የሚቀረው።

በዚህ አሳብ ላይ ሁለት ክርክር ሊነሣ ይችላል። አንደኛው፥ ቋንቋ የተናጋሪው ነው፤ ጸደይ ማለት የመስከረም አበባ ነው ብሎ ሕዝቡ ከተስማማ፥ ሴት ልጁንም ጸደይ ብሎ ከሰየመ፥ ካህን ምን አገባው የሚል ነው። ይህ ክርክር ጕልበት አለው። ስም መለወጡን ማንም ሊከለክለው አይችልም፤ ጸደይ የተባለችውንም ልጅ ስምሽ ስሕተት ነው ሊላት የሚገባ ሰው የለም። ነገር ግን ነቀፌታው በስሙ ላይ ብቻ አይደለም። ወሩ በማንኛውም ስም ቢጠራ በመስከረም 10 ቀን በሱሉልታ ይዘንባል፤ ገጣሚው ደግሞ አይዘንብም ይላል። ጥፋቱ ይህ ነው። ሁለተኛው ክርክር፥ የቤተ ክርስቲያኒቱም የአራት ወራት ቀመር ከእስክንድርያ ከባሕረ ሐሳብ ጋራ የመጣ ነውና እርሱም ተውሶ ነው የሚል ነው። ይህም እውነትነት አለው። ዳሩ ግን አባቶች የመጣላቸውን ሰሌዳ እንደ ተቀበሉት አልተዉትም። ቅዱስ ያሬድና ከእርሱ በኋላ የተነሡት ሊቃውንት የክረምቱን ወራት በደመናው፥ በመብረቁ፥ በጠሉ፥ በቍራው ጫጩት እየከፈሉ በአገራቸው ሰማይ ልክ ዜማ አበጁለት። መዋስ ነውር አይደለም፤ የተዋሱትን ልብስ በገዛ ቁመት ሳይሰፉ መልበስ ግን ነውር ነው።

መልካም ምሳሌ የለም እንዳይባል ከሩቅ መፈለግ አያሻም። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ የገበሬው ዐመፅ ከመፈክር አልተነሣም፤ ፊታውራሪ መሸሻ ከጭሰኞቻቸው ከሚጠይቁት ግብርና መተያያ፥ ከእህሉና ከከብቱ፥ ከዕለት ኑሮው ተነሣ። አንባቢው የመንግሥቱን አኗኗር የተረዳው ደራሲው ስለ መንግሥት ስለ ሰበከው አይደለም፤ የገበሬውን ደጃፍ ልክ አድርጎ ስለ ሣለው ነው። ሰሙ ቀና ነበርና ወርቁም ቀና ሆነ። ከግጥም ወገን ደግሞ በአባ ጽጌ ብርሃን የሚታወቀው ማኅሌተ ጽጌ አለ። ቤተ ክርስቲያን ይህን ማኅሌት የምትቆመው ከመስከረም 26 ጀምሮ ነው። አበባው ቀደም ብሎ መፈንዳቱን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ ክረምቱን በሥርዓት ሳትሸኝ ወደ ጽጌ ለመዝለል ስለማትቸኩል ነው። አበባውንም ለአበባነቱ ብቻ አታመሰግነውም፤ ከአበባ በኋላ ፍሬ ይጠበቃልና፥ እመቤታችንን በጽጌ፥ ልጇን በፍሬ እየመሰለች ትዘምራለች። ፍሬ የሌለውን አበባ ማመስገን ልማዷ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ገጣሚዎቹ ሰማዩን ባለማየታቸው የጣሉት ሰም ከያዙት ሰም እጅግ የሚበልጥ መሆኑ ነው። ዐደይ አበባ የሚፈነዳው ዝናም ካባራ በኋላ አይደለም። ዝናሙ ገና እየጣለ፥ ጭቃው ገና ሳይደርቅ፥ የሱሉልታ ረግረግ ገና ሳይሸሽ በየጥጋጥጉ ቢጫ ሆኖ ብቅ ይላል። በመስከረም 16 ማታ ደመራ ሲለኮስ ብዙ ጊዜ በካፊያ ውስጥ ነው የሚነደው፤ ሽማግሌዎችም ምሰሶው ወዴት እንደሚወድቅ እያዩ ስለ ዓመቱ ዝናምና ስለ ዓመቱ ሰላም በአንድ ላይ ይነጋገራሉ። እንግዲህ ክረምቱ አልፏልና አበባ መጣ ከሚል ሐሰት ይልቅ፥ ክረምቱ ሳያልፍ አበባ መጣ የሚለው እውነት ስንት ወርቅ ይሸከም ነበር! በቡራዩ የተፈናቀለው ሰው፥ በሰበታ ከፋብሪካ በር የሥራ ተራ የሚጠብቀው ወጣት፥ በሱሉልታ ሣሩን ሳያጭድ ዝናም እንዳይዘው የሚሠጋው ገበሬ፥ መከራህ አልፏል ቢሉት ይቆጣል፤ መከራህ ሳያልፍ አበባው ወጥቷል ቢሉት ግን ቀና ብሎ ያያል። ይህ ቃል ሰማዩንም አያስዋሽም፤ ሰውየውንም አያሳፍርም።

እንግዲህ ለሚመጣው መስከረም ግጥም የሚያሰናዳ ሁሉ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ከደጃፉ ወጥቶ ይቁም። ከተቻለውም በማለዳ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ይውጣ፤ በገፈርሳ ዳር ውኃው የት እንደ ደረሰ ይመልከት፤ በሰበታ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተቀምጦ ዝናሙን ይስማ። እየዘነበ ከሆነ ዘነበ ብሎ ይጻፍ። በዝናሙ መካከል አንዲት ዐደይ ካየ ደግሞ አንዲት ዐደይ አየሁ ይበል እንጂ ሜዳው ሁሉ አበባ ለበሰ አይበል። ሰሙን እንዲህ አጥርቶ ከሠራ ወርቁን ሕዝቡ ራሱ ያፈስበታል፤ በታክሲ ሰልፍና በቡና ላይ ሲያፈስበት ኖሯልና።